ከታች ምስጥ፣ ከላይ ነቀዝ፦ አሶሳ ውስጥ በአንድ የጭቃ ቤት ላይ የተደረገ ጥገና

ጉዳዩ

በአሶሳ ከተማ ዳርቻ የሚገኝ አንድ የጭቃ ቤት ከመሬቱ በኩል በምስጥ፣ ከጣሪያው በኩል ደግሞ እንጨት በሚበሳ ነቀዝ ይበላ ነበር። የቤቱ ሰዎች ሁሉንም የምስጥ ሥራ አድርገው ስለቆጠሩት ለዓመታት አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲያስረጩ ኖረዋል። መድኃኒቱ የታችኛውን ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሠዋል፤ የላይኛውን ግን ከነመኖሩም አያውቀውም።

ወደ ቤቱ የሄድኩት የዘመመ የበር መቃን እንዳቃና ተጠርቼ ነው። ሥራዬ የሕንፃ ጥገና ስለሆነ ምስጥ የበላው ቤት ለእኔ ብርቅ አይደለም። ይህን ቤት ለመጻፍ የመረጥኩት ጉዳቱ ከየት እንደመጣ በግልጽ ለይቶ ማየት የተቻለበት በመሆኑና አንዳንዱ ሥራችን ሲሳካ አንዳንዱ ደግሞ ሳይሳካ በመቅረቱ ነው። የሰዎቹን ስምና ቀበሌውን ትቼዋለሁ።

ቤቱና ባለቤቷ

ባለቤቷ ወሎ የተወለዱ እናት ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት በሠፈራ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሶሳ ሲመጡ ገና ልጅ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሚተዳደሩት ከኪራይ በሚያገኙት ገንዘብ ነው። ዋናው ቤት አራት ክፍሎች አሉት፤ ከእሱ ጋር ተያይዘው ሦስት የኪራይ ክፍሎች በአንድ መስመር ተሠርተዋል። የመጨረሻው ክፍል አንዱ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ማዕድ ቤቱ ለብቻው፣ ከግቢው ጀርባ ነው።

አሠራሩ በደጋው የተለመደው ዓይነት ነው። የባህር ዛፍ ቋሚዎች 60 ሴንቲሜትር ያህል በተቆፈረ ጉድጓድ ተተክለው፣ በማገር ተያይዘው፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርገዋል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እኒህ እናት ስለ ቤቱ ሲነግሩኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አባቴ ወሎ ቤት ሲሠሩ የሚተክሉት ወይራና ጥድ ነበር። እዚህ ያገኘነው ባህር ዛፍ ነው። አሠራሩን እንጂ እንጨቱን ይዘን አልመጣንም።»

ከዚህ የተሻለ የችግሩ መግለጫ ከየትኛውም መሐንዲስ አልሰማሁም። ወይራና የሀበሻ ጥድ ምስጥን የሚቋቋሙት ውስጠኛው ጠቆር ያለ እንጨታቸው ነፍሳት የማይወዱት ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ የእነሱም ቢሆን ዳር ዳሩ ነጣ ያለው ክፍል ይበላል። ለቋሚነት የሚቆረጠው ቀጭን ባህር ዛፍ ግን ገና ለጋ በመሆኑ አብዛኛው አካሉ ያ ነጩ እንጨት ነው። ስለዚህ በደጋ ምድር ሁለት ትውልድ የሚያኖር አሠራር ከተለየ እንጨት ጋር ወደ ምስጥ አገር ሲመጣ ዕድሜው ያጥራል።

ቤቱ ከተሠራ በኋላ ኑሮ ሲሻሻል ብዙ ነገር ተጨምሮበታል። ግድግዳው በውጭም በውስጥም በሲሚንቶ ተለሰነ። ወለሉ ሊሾ ሆነ። ከጣሪያው ሥር በቀርከሃ የተሠራ ምንጣፍ እንደ ኮርኒስ ተዘረጋ። እሳት የሚነድበት ቦታም ከቤት ወጥቶ ማዕድ ቤት ተሠራለት። በየግድግዳው ሥር አበባና ፓፓያ ተተከለ። ቤቱ አማረ። እያንዳንዱ ማሻሻያ ግን፣ በኋላ እንደሚታየው፣ ለነፍሳቱ የሚመች ነገር ጨምሯል።

ችግሩ እንዴት ታየ

መጀመሪያ የታየው በር አልዘጋ ማለቱ ነው። መቃኑ በአንድ በኩል ወደ ታች ሰምጦ ነበር። አንድ አናጺ መጥቶ በሩን ላገው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ያዘ። በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ማታ ማታ አምፖል የሚከቡ ክንፋሞች ከወለሉ ጥግ ይወጡ ጀመር፤ ጠዋት መስኮቱ ሥር የረገፈ ክንፍ ይጠረጋል። ይህ ለሁለት ክረምት ሲደጋገም ማንም እንደ ምልክት አልቆጠረውም። በአካባቢው ክንፋም ምስጥ ከሜዳው ሁሉ ስለሚወጣ ከውጭ የመጣ መስሏቸዋል። ከቤት ውስጥ ወለል የሚወጣና በመብራት ተስቦ ከደጅ የሚገባ ክንፋም ግን ትርጉማቸው ለየቅል ነው።

ሁለተኛው ምልክት ዱቄት ነበር። በአንደኛው የኪራይ ክፍል አልጋ ላይ በየጠዋቱ ስስ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ይገኛል። ተከራዩ መጀመሪያ ጎረቤቶቹን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮው ላይ የሚሄዱ አይጦችን። በመጨረሻ «ምስጡ ጣሪያ ላይ ወጥቷል» ተባለና ክፍሉን ለቆ ሄደ። ይህ አባባል ነው ቤተሰቡን ለዓመታት ያሳሳተው።

ቀድሞ የተሞከረው

መጀመሪያ የተሞከረው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው። ከግድግዳው ሥር ጭቃው ተፍቆ የቋሚዎቹ ግርጌ ዘይት ተቀባ። የተቃጠለ ዘይት ከመተከሉ በፊት የደረቀ እንጨት ለቀናት ቢነከርበት ትንሽ ይረዳል። በቆመ እንጨት ላይ በብሩሽ ሲቀባ ግን የሚነካው ላዩን ብቻ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ጫፍና የስንጥቆቹ ውስጥ አይደረስበትም። ምስጥም የሚገባው በዚያ ነው። በዚያ ላይ ዘይቱ አፈርና የጉድጓድ ውኃ ይበክላል።

ቀጥሎ ከግቢው ውጭ ያለ አንድ ትልቅ ኩይሳ ተቆፈረ። ጎረቤቶች ንግሥቲቱ ከተገደለች ሁሉም ያልቃል ብለው ነበር። ንግሥቲቱ ሳትገኝ ቀረች፤ ኩይሳው በቀጣዩ ክረምት ተመልሶ አበጠ። ብትገኝ ኖሮም ቤቱን አያድነውም ነበር፤ ምክንያቱን ምርመራው ላይ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው በጀርባ በሚታዘል መርጫ የሚዞር ሰው ነው። መድኃኒቱን የሚያመጣው መለያ በሌለው የውኃ ጠርሙስ ነው፤ ጓንትም ሆነ የአፍ መሸፈኛ የለውም። ምስጡ ለመንገዱ በሠራው፣ በሚታየው የጭቃ መተላለፊያ ላይ ይረጫል፤ የሚታየው ምስጥ ይሞታል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ «የድሮው ጠንካራው» ያለውን ዱቄት ይዞ መጥቶ ነበር። ምን እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ድሮ በምስጥ ላይ ይሠራባቸው የነበሩት አልድሪን፣ ዲልድሪንና ክሎርዴን በ2001 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ኬሚካሎች መካከል ናቸው፤ በአፈርና በሰው ገላ ስብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ። መለያ የሌለው መድኃኒት ማስረጨት ማለት ከእነዚህ አንዱ ቢሆንም ባይሆንም ሳያውቁ መኝታ ቤት ማስገባት ነው። በሀገራችን ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674/2002 ደንግጓል፤ ስለዚህ የመድኃኒቱን መለያ ጠይቆ ማንበብ የገዢው መብት ነው።

ልጃቸው ቨርጂኒያ ይኖራል። እዚያ ቤት ሲሸጥ የምስጥ ምርመራ ማስደረግ የተለመደ ስለሆነ ነገሩን በቁም ነገር የያዘው እሱ ነው። በመሬት ውስጥ የሚቀበር የማጥመጃ ምግብ ገዝቶ ሊልክ ጠይቆኝ ነበር። ያ ዘዴ አሜሪካ ውስጥ ባሉት ምስጦች ላይ ጥሩ ይሠራል፤ እንጨቱን ራሳቸው የሚፈጩ ስለሆኑ ከምግቡ ጋር የገባው መርዝ በመንጋው ውስጥ ይሰራጫል። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ግን እንጨቱን ጎጆአቸው ውስጥ እንጉዳይ የሚያለሙበት ናቸው፤ በክረምት ኩይሳ ላይ የሚበቅለው ትልቁ እንጉዳይ የዚህ ውጤት ነው። በእነዚህ ላይ ማጥመጃው ደካማ መሆኑ ስለሚታወቅ ገንዘቡን ለድንጋይና ለሲሚንቶ እንዲልክ መከርኩት።

ምርመራው

መሣሪያው ቀላል ነበር፦ ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ካቻቪቴና ወረቀት። የቤቱን ንድፍ ወረቀት ላይ ነድፌ እያንዳንዱን ቋሚና ወራጅ ቁጥር ሰጠሁ። ከዚያ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ በመዶሻ እየመታሁ ድምፁን ሰማሁ። ደህና እንጨት ያለበት ጠንካራ ድምፅ ይመልሳል፤ የተበላው ደግሞ ባዶ ቆርቆሮ የሚመታ ያህል ይንቋቋል። የሚንቋቋው ሁሉ ከወለሉ እስከ ጉልበት ቁመት ባለው ክፍል ላይ ነበር። ይህ ብቻውን ጠላት ከመሬት እንደሚመጣ ይናገራል።

ልስኑ በሁለት ማዕዘን ሲከፈት ነገሩ ግልጽ ሆነ። በሲሚንቶው ልስንና በጭቃው መካከል አየር የገባበት ክፍተት ተፈጥሯል፤ ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲሚንቶ ግን አይከተለውም። በዚያ ክፍተት ውስጥ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው የጭቃ መተላለፊያዎች ከመሬት ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ። ምስጥ ገላው ስስ ስለሆነ ደረቅ አየር ያደርቀዋል፤ ስለዚህ በግልጽ አይሄድም፣ በአፈርና በምራቁ የተሠራ እርጥብ መንገድ ይሠራል። እዚህ ቤት ግን ልስኑ ራሱ መንገዱን ሸፍኖለታል። ያልተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ መተላለፊያው ውጭ ይታይ ነበር።

የቋሚዎቹ ግርጌ ሲነካ በካቻቪቴ ተበሳ። ውጪው ቅርፊት ብቻ ቀርቶ ውስጡ በአፈር ተሞልቷል። መቃኑ የሰመጠው የተሸከመው ቋሚ እንዲህ ስለሆነ ነው። አንዱን መተላለፊያ በጣት ስፋት ሰብሬ ለቀቅኩት፤ በማግሥቱ ተደፍኖ አገኘሁት። ይህ መንጋው በሥራ ላይ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቀላሉ ዘዴ ነው። የተተወ አሮጌ መተላለፊያ ሲሰበር ደርቆ ይቀራል፤ ለእሱ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ መጣል ነው።

ስለ ኩይሳው የገባሁትን ቃል እዚህ ልፈጽም። እንደገና ባበጠው ኩይሳ ውስጥ ያሉት ወታደር ምስጦች ራሳቸው ትልቅና ቀላ ያለ ነበር። ግድግዳው ውስጥ ያሉት ግን በዓይን የሚለዩ ናቸው፤ በግልጽ ያንሳሉ። የተለየ ዝርያ ነው፤ ጎጆውም ኩይሳ ሳያወጣ ከመሬት በታች ያለ ነው። ቤተሰቡ ያን ሁሉ ድካም የደከመው ቤታቸውን በማይበላ መንጋ ላይ ነበር።

ወደ ጣሪያው ስንወጣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የቀርከሃው ምንጣፍ ሲነሣ የፈሰሰው አፈር ሳይሆን ዱቄት ነው፤ በጣት መካከል ሲታሽ እንደ ጤፍ ዱቄት ይልማል። በወራጆቹ ላይ ምንም የጭቃ መተላለፊያ የለም። ያለው ክብ ቀዳዳ ነው፤ በወራጆቹ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ በቀርከሃው ላይ ደግሞ ትንሽ ሰፋ ያለ። እነዚህ ነቀዞች ናቸው። እናቲቱ እንቁላሏን በእንጨቱ ቀዳዳዎች ትጥላለች፤ ትሉ ውስጥ ውስጡን ስታርች የሚባለውን በእንጨቱ የተከማቸ ምግብ እየበላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይኖራል፤ ሲጎለምስ ነቀዙ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። የምናየው ቀዳዳ የመውጫው ነው፤ ጥፋቱ የተፈጸመው ከዚያ በፊት ነው። እነዚህ ነቀዞች ከመሬት ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ስለዚህ መሬት ላይ የተረጨ መድኃኒት ሁሉ ለእነሱ ከንቱ ነበር።

ቀዳዳዎቹ አሮጌ ይሁኑ አዲስ ለማወቅ የተወሰነ ቦታ ጠርጌ ወረቀት ለጠፍኩበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወረቀቱ ተበስቶ ተገኘ፤ ከሥሩም አዲስ ዱቄት ነበር።

ያላሰብኩት ማስረጃ የተገኘው ማዕድ ቤቱ ውስጥ ነው። የማዕድ ቤቱ ወራጆች ከዋናው ቤት ጋር ከአንድ ጭነት የመጡ ባህር ዛፎች ናቸው፤ አንድም ቀዳዳ የለባቸውም። ጥቀርሻ ሸፍኗቸው ጥቁር ሆነዋል። የማዕድ ቤቱ ቋሚዎች ግርጌ ግን በምስጥ ተበልቷል። አንድ እንጨት፣ አንድ ግቢ፤ ጭስ ያገኘው ራሱ ደህና፣ አፈር የነካው እግሩ የተበላ። አያቶቻችን በጎጆው መካከል እሳት ሲያነዱ ዓይናቸው ቢያነባም ጣሪያቸው ይጠበቅ ነበር። ለጤና ሲባል ጭሱን ማስወጣት ትክክል ነው፤ በእሱ ምትክ ግን እንጨቱን የሚጠብቅ ሌላ ነገር መተካት ነበረበት።

ቤቱ ለምን ተጋለጠ

ከሁሉ የከፋው እንጨቱ አፈር መንካቱ ነው። ሁለተኛው እርጥበት ነው። አሸንዳ ስለሌለ በክረምት የጣሪያው ውኃ በሙሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል፤ አሶሳ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። አበባና ፓፓያ የሚጠጡትም ከዚያው ሥር ነው፤ የእቃ እጣቢም እንዲሁ። በደረቅ ወራት እንኳን ያ አፈር እርጥብ ነው። ማገዶው ግድግዳ ተደግፎ ተከምሯል። የሊሾውን ጠርዝ ስንከፍት ደግሞ ግንበኞች ጥለውት የሄዱ ችካልና የእንጨት ቁርጥራጭ ከሙሌቱ ሥር ተገኘ፤ ሁሉም በምስጥ ተወርሯል። ወለሉ ሥር ቀለብ ተቀብሮላቸው ነበር ማለት ነው። ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድም ቀለብ ነው።

ቀርከሃው ደግሞ በወጣትነቱና በዝናብ ወቅት የተቆረጠ ነበር። ቀርከሃ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከተቆረጠ ገና አልበሰለም፤ ስታርች የበዛበት ሲሆንም ነቀዝ ይስበዋል። የአካባቢው አሮጌ ባለሙያዎች በበጋ ቆርጠው፣ ወንዝ ውስጥ ለሳምንታት ነክረው ነው የሚሸምኑት። የዚህ ቤት ምንጣፍ የተገዛው ከገበያ ስለነበር ያንን አልፎ አልመጣም።

የተሠራው ሥራ

አፍርሶ በብሎኬት መሥራት የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር፤ ገንዘቡ አልነበረም። ከጉልበት በላይ ያለው የቋሚዎቹ ክፍል ደህና ስለነበር ቤቱን ከነቆመ እግሩን ለመቀየር ወሰንን።

ከክረምቱ በፊት በበጋው ተጀመረ። መጀመሪያ ውኃ፦ አሸንዳ ተሰቀለ፣ አበባውና ፓፓያው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተተከለ፣ ዙሪያውን ውኃውን ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይ ተሠራ፣ ማገዶው በድንጋይ ላይ ከግድግዳ ርቆ ተከመረ። ይህ ብቻውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አፈሩን አደረቀው።

ቀጥሎ እግሩ። ክፍል በክፍል፣ የግድግዳው ራስ አግዳሚ በድጋፍ እንጨትና በመኪና ክሪክ ተያዘ። ከወለሉ ጀምሮ 50 ሴንቲሜትር ያህል ጭቃው ወረደ፤ ቋሚዎቹ እዚያ ላይ ተቆረጡ፤ ከሥር ያለው ጉቶ ተቆፍሮ ወጣ። በምትኩ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶ በላዩ ፌሮ ያለው ስስ ኮንክሪት ፈሰሰ። በኮንክሪቱና በቋሚው መካከል ዚንክ የተነከረ ላሜራ ገባ፤ ላሜራው በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲሜትር ወጥቶ ወደ ታች ታጥፏል። ቋሚዎቹ በብረት ማሰሪያ ከኮንክሪቱ ጋር ታሰሩ፤ አለበለዚያ ነፋስ ሲመጣ ቤቱ ይንሸራተታል። ላሜራው ምስጥን አይገድልም፤ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ መተላለፊያውን ዞሮ እንዲሠራና ውጭ እንዲታይ ያስገድደዋል። የግንቡ ውጫዊ ፊት ስለዚህ አልተለሰነም። ባለቤቷ ውበቱ ስለቀነሰ ቅር ቢላቸውም በዚህ አልተደራደርኩም፤ ድንጋዩ ራቁቱን ቀረ።

መድኃኒቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በግንቡ ዙሪያ 30 ሴንቲሜትር የጠለቀ ቦይ ተቆፍሮ፣ መለያው ላይ በተጻፈው መጠን የተበጠበጠ የተመዘገበ መድኃኒት በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 5 ሊትር ፈሰሰበት፤ የተመለሰው አፈርም በመድኃኒቱ እየራሰ ተደለደለ። ከላይ በመርጫ ከሚርከፈከፈው ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ በአፈሩ ውስጥ ያልተቋረጠ ግድግዳ ይሠራል። የጉድጓድ ውኃው በሚገኝበት በኩል ግን ምንም መድኃኒት አላስገባንም። በዚያ በኩል ግንቡንና ላሜራውን ብቻ አመንን። በሊሾው ስንጥቅና ወለሉ ከግድግዳ በሚገናኝበት ክፍተት ሬንጅ ተሞላ፤ ምስጥ ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ስንጥቅ እንኳን ያልፋል።

ለጣሪያው ሌላ ሥራ ነበር። ካቻቪቴው ከ1 ሴንቲሜትር በላይ የሰመጠባቸው ወራጆች ተቀየሩ። የቀሩት በብረት ብሩሽ ተፍቀው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተሟሟበት ሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ ተቀቡ፤ ሟሟው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው ቦሮን ለነፍሳት መርዝ ነው፤ ለሰው ያለው አደጋ ከሚረጩት መድኃኒቶች በእጅጉ ያንሳል፤ ዋጋውም አይከብድም። ጉድለቱ ውኃ ስለሚያጥበው ዝናብ ለሚነካው ወይም አፈር ውስጥ ለሚተከል እንጨት አለመሆኑ ነው። በቆርቆሮ ሥር ላለ ደረቅ ወራጅ ግን ተስማሚ ነው። አዲሱ ምንጣፍ በዚያው ሟሟ ውስጥ ተነክሮ፣ በጥላ ደርቆ፣ በሚፈታ ብሎን ተሰቀለ። እንደ ድሮው በሚስማር ቢመታ ከላዩ ያለውን ማንም አያይም።

የሠራው፣ ያልሠራው

በቀጣዩ ክረምት የሁለት ክፍሎች ግንብ ላይ አዲስ የጭቃ መተላለፊያ ታየ። አንዱ የላሜራውን ጠርዝ ሊዞር ሲል ተደርሶበታል። ባለቤቷ በመጥረጊያ እጀታ አፍርሰውት ቦታው እንደገና መድኃኒት ተሰጠው። ድሮ ቢሆን ይህ የሚታወቀው በር ሲሰምጥ ነበር። መድኃኒት ባልገባበት በጉድጓዱ በኩልም ክረምቱን ሙሉ አንድ መተላለፊያ ብቻ ተገኝቷል፤ ውኃው መራቁ የሠራውን ሥራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የጣሪያው ዘገምተኛ ነበር። ከሥራው በኋላም በጥቂት ወራጆች ሥር ዱቄት መውደቁ ቀጠለ፤ ተከራዮቹም አልሠራም ብለው አጉረመረሙ። ቦሮን በደረቅ እንጨት ውስጥ ጠልቆ ስለማይገባ ውስጥ የነበረው ትል ዕድሜውን ይጨርሳል፤ አዲስ እንቁላል ግን አይጸናም። ይህን ለተከራዮች አስቀድሞ መንገር ያስፈልግ ነበርና ለሚቀጥለው ሥራ የሚያዝ ነው። ዱቄቱ ዓመት ሳይሞላው ቆሟል።

አሮጌዎቹን ምንጣፎች ለማዳን በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልለን በየካቲት ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ አስጥተናቸው ነበር። ስሶቹ ላይ ሠራ። ወፍራም እንጨት ግን በዚህ አይድንም። ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ለሚውሉ የእንጨት ማሸጊያዎች የተደነገገው ሙቀት የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው፤ ፀሐይ ወራጅ መሐል ድረስ ያን ያህል አታሞቅም።

ፍጹም ያልተሳካው የጋራው ግድግዳ ነው። ጎረቤታቸው ወጪውን ለመጋራት አልፈቀደም። በእኛ በኩል ግንብ ሠርተን በእሱ በኩል ያለው ቋሚ አፈር ውስጥ እንደተተከለ ስለቀረ ምስጡ ከዚያ ወጥቶ በራስ አግዳሚው በኩል ወደ መጨረሻው ክፍል ተሻገረ። ገንዘብ የወጣበት ግንብ በዚያ ግድግዳ ላይ ከጌጥ ያለፈ ጥቅም አልሰጠም።

ከዚህ ቤት የሚወሰድ

ለሌላ ቤት መጀመሪያ የምለው መድኃኒት ከመግዛት በፊት እንጨቱን መክፈት ነው። ውስጡ አፈር ከሆነ ምስጥ ነው፤ ሥራው መሬት ላይ ነው። ዱቄት ከሆነ ነቀዝ ነው፤ ሥራው እንጨቱ ላይ ነው። ሁለቱም ካሉ ሁለት ሥራ ነው፤ ሁለት በጀት መያዝ ያስፈልጋል።

አዲስ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ በጥቂት ወጪ ማስቀረት ይችላል። ቋሚውን ከአፈር በላይ በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ፣ ከሙሌቱ ውስጥ ችካልና ቁርጥራጭ መልቀም፣ ጣሪያውን ከግድግዳው አስረዝሞ አሸንዳ መስቀል። በጥገና ጊዜ ከሁሉ በላይ ያስወጣን ድንጋይና የሰው ጉልበት ነበር፤ መድኃኒቱ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ነው። ሰዎች ግን የሚጀምሩት ከትንሹ ነው፤ በየዓመቱ ሲደጋገም ትልቅ እንደሚሆን አይቆጥሩትም።

የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን ለሚወዱ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ቢያንስ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ተዉት። የተጋለጠ ግድግዳ አስቀያሚ ሊሆን ይችላል፤ በየወሩ አንድ ጊዜ በዓይን ለመመርመር ግን የሚጠይቀው አንድ ዙር መዞር ብቻ ነው። የቤት ዕቃ ደግሞ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ሲቀባ ጀርባውና ሥሩም መቀባት አለበት፤ ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ባልተቀባው በኩል ነው።

የባለቤቷ አቋም

አሁን በግንቦት መጀመሪያና በክረምቱ መውጫ ግንቡን የሚዞሩት ባለቤቷ ራሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ክፍል ያለውን የጋራ ግድግዳ ትተው ከእሱ ወዲህ አዲስ ግድግዳ በድንጋይ ለማሠራት ዕቁብ እየጠበቁ ነው፤ ክፍሉ ይጠባል፣ ኪራዩም ይቀንሳል። እኔ ጎረቤቱን እንደገና እናነጋግረው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቆርጠዋል፦ «እሱን የሚያሳምነው የራሱ በር ነው፤ እስኪሰምጥ እኔ አልጠብቅም።»